ካርታው ተቃጠለ እንጂ ቤቱ አልፈረሰም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ዓለምገና ነው። ከካሜራዬ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም፤ ሰፈራችን ውስጥ ሰርግ፣ መልስ፣ ክርስትና ወይም ተዝካር ሲኖር የሚጠሩት እኔን ነው። የሦስት ዓመት ሥራዬ በሙሉ ያለው አንዲት 1 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ላይ ነው። ሁለት ቦታ ከፍዬ አንዱ ላይ ፎቶ፣ ሌላው ላይ ቪዲዮ ነበር የማስቀምጠው። ባለፈው ቅዳሜ ላፕቶፔ ስለተንቀራፈፈብኝ አንድ የሰፈር ልጅ ዊንዶውስ እንዲጭንልኝ ሰጠሁት። ሃርዱ እንደተሰካ ነበር። ዲስኮቹ የሚዘረዘሩበት ገጽ ላይ ሲደርስ የላፕቶፑ መስሎት የእኔን ሁለቱንም ፓርቲሽን «ዲሊት» አላቸው። 931 ጊጋ ባዶ ቦታ ሲያይ ደነገጠና ወዲያው ነቀለው። አሁን ስሰካው ይዞራል፣ መብራቱም ይበራል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ምንም አይታይም። ዲስክ ማኔጅመንት ስገባ ጥቁር መስመር ብቻ ነው ያለው። አንድ ጓደኛዬ «አዲስ ቮልዩም (የሃርድ ክፍል) ክፈትና ፎርማት አድርገው፣ ከዚያ በሪከቨሪ ታወጣዋለህ» አለኝ። መሃል ከተማ ገብቼ ያሳየሁት ባለሱቅ ደግሞ 25 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ገና ያላስረከብኩት የሁለት ሙሽሮች ሥራ አለ። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የጎረቤታችን እናት ቪዲዮ ነው። ካረፉ ሁለት ወር አልሞላቸውም። በልጃቸው ሰርግ ላይ ሲመርቁ የቀረጽኩት አለ፤ ልጆቻቸው ለሰማንያቸው እንዳደርስላቸው እየጠበቁ ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሃርዱን ከነቀልከው ከታች የምነግርህ ሥራ ላይ እስክትደርስ አትሰካው። የጓደኛህን ምክር ተወው፤ በቅንነት እንደነገረህ አልጠራጠርም፣ ግን ያለህን ዕድል የሚያጠፋው እሱ ነው። አዲስ ቮልዩም አትክፈት፣ ፎርማት አታድርግ፣ ዊንዶውስ ራሱ «ላስተካክለው ወይ» ቢልህም እሺ አትበለው። አንተ እንደጻፍክልኝ ከሆነ ከተሰረዘ በኋላ ሃርዱ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ስለዚህ ፋይሎችህ አሁንም እዚያው ናቸው።

ይህን የምለው ላጽናናህ ብቻ አይደለም። አንተም እኔም የምንኖረው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ የእኔ ሱቅ ያለችው ዓለም ባንክ ሰፈር ነው። በእኛ አካባቢ ሰው ሁሉ ስለ ካርታና ስለ ችካል ያውቃል። ቀያሽ መጥቶ ማዕዘኑ ላይ ችካል ይተክላል፣ ልኬቱ ካርታ ላይ ይሰፍራል። ካርታው ቢቃጠል ማን የት ድረስ እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ጠፋ ማለት ነው፤ ግድግዳውና ጣሪያው ግን የትም አልሄዱም። ያ ልጅ ያቃጠለብህ ካርታውን ነው።

በልኩ ላሳይህ። በተለምዶው አከፋፈል፣ ኤምቢአር በሚባለው፣ የሃርድ ዲስክ የመጀመሪያዋ ሴክተር (ሃርዱ ከተከፋፈለባቸው ትናንሽ ክፍሎች አንዷ) 512 ባይት ናት። ከዚያ ውስጥ 446 ባይት ኮምፒውተሩን ለማስነሻ የተተወ ነው። ቀጥሎ ያለው 64 ባይት የፓርቲሽኖቹ ሠንጠረዥ ነው፤ የቀሩት 2 ባይቶች እንደ ማኅተም ናቸው። ሠንጠረዡ አራት መስመር አለው፣ እያንዳንዱ 16 ባይት። መስመሩ የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ ይህ ፓርቲሽን ከዚህኛው ሴክተር ይጀምራል፣ ይህን ያህል ሴክተር ይረዝማል፣ ዓይነቱ ይህ ነው። አንተ ሁለት ፓርቲሽን ስለነበረህ የተሰረዘው ሁለት መስመር፣ 32 ባይት ነው። ሃርድህ አንድ ትሪሊዮን ባይት ይይዛል። (931 ጊጋ ያለህም ያው ትሪሊዮን ነው፤ ፋብሪካው በሺህ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024።) ይህ አሠራር ከ1983 ጀምሮ የመጣ ነው፤ በኋላ የመጣው፣ ጂፒቲ የሚባለው አከፋፈል የሠንጠረዡን ሁለተኛ ቅጂ የዲስኩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ከ2 ቴራ በላይ የሆኑ ሃርዶች በጂፒቲ የሚከፈሉት ኤምቢአር ከዚያ በላይ መቁጠር ስለማይችል ነው። የአንተ 1 ቴራ ስለሆነ ከሁለቱ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ በየትኛውም ቢሆን ፋይሎቹን የነካ ነገር የለም።

ደስ የሚለው ደግሞ ካርታው ቢቃጠልም ችካሎቹ መሬት ላይ መቅረታቸው ነው። ፓርቲሽንህ በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት የተደረገ ከሆነ፣ የዊንዶውስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀመው እሱን ነው፣ የፓርቲሽኑ የመጀመሪያ ሴክተር ላይ ስለ ራሱ የሚናገር ጽሑፍ አለ። የዚያው ጽሑፍ ቅጂ ደግሞ ፓርቲሽኑ የሚያልቅበት ሴክተር ላይ ተቀምጧል። አንዱ ጫፍ ቢበላሽ ሌላው ይመሰክራል። ፋይል ማስመለሻ ፕሮግራም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ሃርዱን ከዳር እስከ ዳር እየተራመደ ችካል ይፈልጋል። ጓደኛህ እንዳለህ አዲስ ቮልዩም ከፍተህ ፎርማት ብታደርግ ግን በአሮጌው ችካል ቦታ አዲስ ችካል ትተክላለህ፣ የፋይሎቹ ዝርዝር በነበረበት አካባቢም አዲስ ዝርዝር ይጻፋል።

ይህን ነገር እንዲህ አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናት ከሰበታ የልጃቸውን ላፕቶፕ ይዘውልኝ መጡ። ልጁ አርፏል። ሌላ ሰው ፎርማት አድርጎባቸው ፎቶዎቹ ጠፍተዋል። እኔም የማስመለሻ ፕሮግራሙን እዚያው ላፕቶፕ ላይ ጫንኩ፤ የወጡትን ፎቶዎችም እዚያው ሃርድ ላይ ሴቭ አደረግኋቸው። አንዱ ፎቶ በወጣ ቁጥር ገና ያልወጣ ሌላ ፎቶ ላይ እየጻፍኩ ነበር። ብዙዎቹ ወጡ። እናቲቱ ከሁሉ አብልጠው የፈለጉት ግን ልጁ በምረቃው ቀን የተነሳው ነበር። ከፈትኩት። ቆቡ ታየ፣ ግንባሩ ታየ፣ ዓይኖቹ ታዩ፤ ከአፍንጫው በታች ግራጫ ነው። እስከ ታችኛው ጠርዝ ድረስ አንድ ወጥ ግራጫ። እሳቸው ስክሪኑን በመዳፋቸው አበስ አደረጉት፣ አቧራ መስሏቸው። ያን ፎቶ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው ሃርድ ላይ አንዲት ባይት ጽፌ አላውቅም፤ አንተም እንዳትጽፍ እለምንሃለሁ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ ሃርዱ በአካሉ ጤነኛ መሆኑን እወቅ። ይዞራል ብለሃል፣ መልካም ነው። ስትሰካው ጆሮህን አስጠጋ። ወጥ የሆነ ቀጭን ድምፅ ጤና ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ የሚመላለስ ከሆነ ግን ማንበቢያው ተጎድቷል፤ ያኔ ንቀለው፣ ከዚህ በታች የምልህን አንዱንም አትሞክር። ማንም ሰው ሱቅ ጠረጴዛ ላይ ክዳኑን እንዲከፍተው አትፍቀድ፤ አንድ ብናኝ አቧራ ገብቶ የዲስኩን ገጽ ሊፍቀው ይችላል።

ድምፁ ደህና ከሆነ ከእሱ የሚበልጥ ሌላ ሃርድ ፈልግ። 2 ቴራ ቢሆን ይሻላል፤ ከሰው ተውሰህም ቢሆን። ብዙ ሰው ይህን ወጪ ይሸሻል፣ እኔ ግን ያለዚህ የደንበኛ ሥራ አልጀምርም። ምክንያቱም የምንሠራው በዋናው ሃርድ ላይ ሳይሆን በቅጂው ላይ ነው። ቅጂ ስልህ ፋይል መገልበጥ አይደለም፤ ከመጀመሪያዋ ሴክተር እስከ መጨረሻዋ፣ ባዶ የሚመስለውንም ጨምሮ፣ እንዳለ ወደ አንድ ትልቅ ፋይል ማዛወር ነው። ባለሙያዎች ኢሜጅ ይሉታል። ለዚህ እኔ የምጠቀመው ዲዲሬስኪው የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ነው። ሲስተምሬስኪው ከተባለው፣ በዊንዶውስ ፋንታ ከፍላሽ ከሚነሳ ሊኑክስ ጋር አብሮ ይመጣል። ላፕቶፑን በፍላሹ ስታስነሳው ዊንዶውስ ስለማይነሳ የሰካኸውን ሃርድ ሳይጠየቅ የሚነካ የለም።

ዲዲሬስኪውን የወደድኩት በመብራታችን ምክንያት ነው። 1 ቴራ ለመገልበጥ በሰማያዊው ዩኤስቢ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በአሮጌው ጥቁር ዩኤስቢ ከሆነ ዘጠኝ ሰዓት ያልፋል። በእኛ ሰፈር ዘጠኝ ሰዓት ሳይጠፋ የሚቆይ መብራት ማን ያገኛል! ይህ ፕሮግራም ግን የት እንደደረሰ በትንሽ ማስታወሻ ፋይል እየመዘገበ ይሄዳል። መብራቱ ጠፍቶ ሥራው ቢቋረጥ፣ መብራት ሲመጣ ያንኑ ትእዛዝ ከዚያው ማስታወሻ ጋር ስትሰጠው ካቆመበት ይቀጥላል። የማይነበብ ቦታ ሲያጋጥመውም እዚያ ላይ አይንገታገትም፤ ዘሎት አልፎ ደህናውን በሙሉ ካወጣ በኋላ ተመልሶ ይሞክረዋል። ማስታወሻውን ኢሜጁ ያለበት ሃርድ ላይ አስቀምጠው እንጂ ሊኑክሱ ራሱ ውስጥ እንዳትተወው፤ ሊኑክሱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ላፕቶፕህ ባትሪው ደህና ከሆነ ጥሩ፤ ካልሆነ ዩፒኤስ ካለው ጎረቤት ተጠጋ።

አንድ ቦታ ላይ ግን እጅህ እንዳይቸኩል። ትእዛዙ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ምንጩ ነው፣ ቀጥሎ መድረሻው። ከተገላበጠ ባዶውን በሙሉው ላይ ትገለብጣለህ፣ ያን ጊዜ እኔም ሌላም ሰው አንረዳህም። የሃርዶቹን ልክ አንብበህ፣ ከጎንህ ላለ ሰው ጮክ ብለህ ተናግረህ፣ ከዚያ እንተር በል። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ እንዲህ ነው የማደርገው።

ኢሜጁ ካለቀ በኋላ ዋናውን ሃርድ ነቅለህ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፍበት። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ አያስፈራም፤ ብትሳሳት የምትሳሳተው በቅጂው ላይ ነው። ቴስትዲስክ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈት። ክሪስቶፍ ግሬኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ የሠራው ነው፣ በነጻ ነው፣ እዚያው ሲስተምሬስኪው ውስጥም አለ። መልኩ አያምርም፤ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ ነው፣ ማውስም የለውም፣ በቀስት ቁልፎች ነው የምትሄደው። ኢሜጁን ስትሰጠው የሠንጠረዡን ዓይነት ይጠይቅሃል። አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ገምቶ ትክክለኛው ላይ ያቆምሃል። ከዚያ «አናላይዝ»፣ ቀጥሎም «ኩዊክ ሰርች» በለው። ጥቂት ቆይቶ ያገኛቸውን ፓርቲሽኖች ይዘረዝርልሃል።

እዚህ ላይ ቀስ በል። ሃርድህ ከዓመታት በፊት በሌላ ልክ ተከፍሎ ከነበረ የያኔው ችካልም አብሮ ሊወጣ ይችላል። አንድ መሬት ላይ ሁለት ባለቤት እንደመጣ ቁጠረው። ማንኛው ትክክል እንደሆነ የምታውቀው በአንድ መንገድ ነው፦ መስመሩ ላይ ቆመህ የእንግሊዝኛውን ፒ ቁልፍ ተጫን። የፎልደሮቹ ስም ይወጣል። «የጥር ሰርጎች»፣ «ክርስትና»፣ አንተ በሰየምከው ስም ከታየህ አገኘኸው። ኩዊክ ሰርች ካላገኘው «ዲፐር ሰርች» የሚል አለ፤ እሱ ሃርዱን በጥልቀት ስለሚፈትሽ ረጅም ሰዓት ይወስዳል፣ ተወው ይሥራ።

ቴስትዲስክ መጨረሻ ላይ «ራይት» የሚል ምርጫ ያመጣልሃል፤ ሠንጠረዡን መልሶ ለመጻፍ ማለት ነው። እሱን ለጊዜው እለፈው። መጀመሪያ ፎልደሮቹን ከዚያው ዝርዝር ላይ መርጠህ ወደ ተዋስከው ሃርድ ኮፒ አድርግ። ጥቂት ፎቶ ክፈት፣ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ተመልከት፣ የእናታችን ምርቃት ድምፁ እንደሚሰማ አረጋግጥ። ልጆቻቸው የሚጠብቁት እሱን አይደል? ይህ ሁሉ በእጅህ ከገባ በኋላ ዋናው ሃርድ ላይ ሠንጠረዡን ብትጽፈው አልከለክልህም፤ የዚያን ጊዜ የሚጠፋ ነገር የለም።

የፎልደሮቹ ዝርዝር ራሱ ተበላሽቶ ቢሆንስ? ከቴስትዲስክ ጋር አብሮ የሚመጣ ፎቶሬክ የሚባል ፕሮግራም አለ። እሱ ካርታም ችካልም አይፈልግም፤ ፋይሉን በፊቱ ነው የሚያውቀው። ጄፔግ ፎቶ ሁሉ በተመሳሳይ ሦስት ባይቶች ነው የሚጀምረው፤ ፎቶሬክ እነሱን ባየበት ቦታ ፎቶ ያወጣል። ጉዳቱ ስም አለመኖሩ ነው፤ የሦስት ዓመት ሥራህ በቁጥር ብቻ ተሰይሞ እንደ ገለባ ተከምሮ ይወጣል። እንዲያም ሆኖ ፎቶው ውስጥ ካሜራው የጻፈው ቀን አለና በእሱ መደርደር ትችላለህ። ካሜራህ የሚቆጥረው በፈረንጅ እንደሆነ ብቻ አትርሳ፤ የጥር ሰርግ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ውስጥ ነው የምታገኘው። ቪዲዮ ላይ ግን ተስፋህን በልክ አድርገው። ትልልቅ ቪዲዮ ሃርዱ ላይ ተቆራርጦ ተቀምጦ ከሆነ ፎቶሬክ ቁርጥራጩን አይገጥመውም። ብዙ ካሜራ ደግሞ የቪዲዮውን ማውጫ የሚጽፈው ፋይሉ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ጅራቱ የጎደለ ቪዲዮ አይከፈትም። ለአንተ ቴስትዲስክን ያስቀደምኩት ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ዛሬውኑ የምታደርገው አንድ ነገር አለ። ሜሞሪ ካርዶችህን በሙሉ ሰብስብ። ከሰርጉ ወዲህ ምንም ያልቀረጽክበት ካርድ ካለ፣ ባዶ ቢመስልም፣ ካሜራ ውስጥ አትክተተው፤ ፎቶሬክ ካርድም ያነባል። ለሙሽሮቹም እውነቱን ንገራቸው። መጠበቅ ያናድዳቸው ይሆናል፣ ግን ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ይሻላል። ከዘመዶቻቸው ስልክ የሚሰበሰብ ብዙ ነገርም አለ።

25 ሺህ ስለጠየቀህ ባለሱቅ፦ ዋጋውን አልነቅፍም፣ ሥራው ጊዜና ዕቃ ይፈልጋል። ራስህ ልትሠራው ካልደፈርክ ወደ ማንም ብትሄድ ግን በቅጂው ላይ ነው የምትሠራው ወይስ በዋናው ብለህ ጠይቀው። ከመክፈልህ በፊትም የወጡትን ፋይሎች ዝርዝር እንዲያሳይህ አድርግ። «ቅጂ አያስፈልግም፣ እኔ ልምድ አለኝ» የሚልህን ሰው ሃርድህን ይዘህ ውጣበት። ያን የሰፈር ልጅም አንድ ነገር ጠይቀው፦ «ዲሊት» ያለው ገጹ ላይ ብቻ ነው ወይስ ትእዛዝ ጽፎ «ክሊን ኦል» ብሏል? የመጀመሪያው ከሆነ እስካሁን የነገርኩህ ይሠራል። ሁለተኛው ከሆነ እያንዳንዱ ሴክተር ላይ ዜሮ ይጻፋል፤ ግን ለ1 ቴራ ሰዓታት ስለሚፈጅ፣ ወዲያው ደንግጦ ከነቀለው ይህ የደረሰ አይመስለኝም። ልጁን አትቆጣው። ከእንግዲህ ዊንዶውስ ከመጫኑ በፊት ከላፕቶፑ ሌላ የተሰካውን ሁሉ እንዲነቅል ብቻ አሳየው።

የሰማንያው ቀን ሳይደርስ ቢያስቸግርህ ሃርዱንና የተዋስከውን 2 ቴራ ይዘህ ወደ እኔ ና። አብረን ቁጭ ብለን እናየዋለን፣ ለዚያ ቪዲዮ ገንዘብ አልቀበልም።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ ነው የምጽፍልዎት። ልጄ ላፕቶፔን ፎርማት አደረገው። ውስጡ ያለው የሚዞር ዲስክ የሌለው፣ ኤስኤስዲ የሚባለው ነው። የተማሪዎቼ ማርክና የ10 ዓመት የትምህርት ማስታወሻዬ እዚያ ነበር። እንደ ሃርድ ዲስክ ይመለሳል ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ኤስኤስዲ እንደዚያ አይደለም። ፎርማት ሲደረግ ዊንዶውስ «ይህ ቦታ ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብሎ ለዲስኩ ይነግረዋል፤ ትሪም ይባላል። ኤስኤስዲው ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል። ማስመለሻ ፕሮግራም ቢያስኬዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት ዜሮ ብቻ ነው። ላፕቶፑን አጥፍተው ማቆየት አይጎዳም፣ ግን ብዙ ገንዘብ አውጥተው እንዲያሳድዱት አልመክርዎትም።

ጉልበትዎን ሌላ ቦታ ያውሉት። ማርኩን ለትምህርት ቤቱ በቴሌግራም ልከው ከሆነ፣ መልእክቱ ካልተሰረዘ በቀር ፋይሉ አሁንም እዚያ አለ፤ በስልክዎ ገብተው ከጽሕፈት ቤቱ ጋር የተጻጻፉበትን ይክፈቱና «ፋይልስ» የሚለውን ይጫኑ። «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥም ይፈልጉ። ፕሪንት ያስደረጉበት ሱቅ ካለ ፍላሽዎን የሰኩበት ኮምፒውተር ላይ ኮፒ ቀርቶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ አንዳንዴ ለወራት ዴስክቶፕ ላይ ይቀመጣል። ፍላሹንም ይዘውልኝ ይምጡ። ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ ትሪም ስለማያውቅ ከእሱ ላይ የተሰረዘ ነገር የመውጣት ተስፋው ከላፕቶፑ ይልቅ ብዙ ነው።